ከክለብም ከቤተክርስቲያንም ለመጣችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን ነገር ስጽፍ ሳጠፋ ነው የሰነበትኩት፣ ለዳንስ ፍሎሩ ሰው ስጽፈው የቤተክርስቲያኑ ሰው ምኑም አይገባውም፣ ለቤተክርስቲያኑ ሰው ስጽፈው ደሞ ስብከት ይሆንብኛል፣ በመጨረሻ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፈው አልኩ። ያልገባችሁ ነገር ካለ አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁት፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተደበላልቃችሁ ስትጠያየቁ እንደነበረው።

ላልሰማችሁ ባጭሩ፣ አንድ ቀን ከእንቅልፌ ስነሳ ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ሕመም የለው፣ ደም የለው፣ በቃ ጠፋ፣ ውስጡ ግን የማያቋርጥ ፉጨት አለ፣ ልነሳ ስል ደሞ ቤቱ ይዞርብኛል። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ (ስሙ ይቅር) የጆሮ ኩክ ነው ብለው ጠብታ ሰጥተው ሸኙኝ። ማታ ክለብ የዲጄ ስራ ስለነበረኝ ከኔ ቀጥሎ ለሚጫወተው ዲጄ ቦታዬን እንዲሸፍንልኝ ደወልኩለት።

እና የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለሱ ነው። የሆንኩትን ስነግረው "አፍህን ዝጋና ህምምም በል፣ ድምፁ በየትኛው ጆሮህ ጎልቶ ይሰማሃል?" አለኝ። በደህናው አልኩት። "ኩክ ቢሆን በተደፈነው በኩል ነበር የሚጎላው፣ ልበስ እየመጣሁ ነው" ብሎ ዘጋው። አክስቱ ላይ ደርሶ አይቶት ነው የሚያውቀው፣ የሐኪም ምርመራን የሚተካ ነገር አይደለም፣ ግን እኔን ከአልጋ ያስነሳኝ ያ "ህምምም" ነው። የጆሮ ስፔሻሊስት ጋ ወሰደኝ፣ እስክወጣ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ማታ ደሞ የኔንም የራሱንም ሰዓት ተጫውቶ ክፍያዬን ሳይነካ ላከልኝ። ይሄ ልጅ በእግዚአብሔር አያምንም፣ ደጋግሞ ነግሮኛል፣ እኔም ደጋግሜ እጸልይለታለሁ፣ ሁለታችንም ይሄን እያወቅን ነው ጓደኛሞች የሆንነው።

ለዶክተሯ ምን እንደምል አላቅም። ድንገተኛ የመስማት ችግር እንደሚባል፣ በ3 ቀን ጊዜ ውስጥ በተከታታይ ሦስት ፍሪኩዌንሲዎች (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ደረጃዎች) ላይ መስማቱ ቢያንስ 30 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ሲወርድ እንደዛ ተብሎ እንደሚመዘገብ፣ ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት በቶሎ መጀመር እንዳለበት፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ወሳኝ እንደሆኑ፣ አንድ በአንድ በትዕግስት አስረዳችኝ። ኦዲዮግራሙን (የመስማት ምርመራውን ግራፍ) ስታሳየኝ መስመሩ ቁልቁል ተምዘግዝጎ ወርዷል፣ ልክ ሚክሰር ላይ ሃዩን (ቀጫጭኑን ድምፅ) እስከመጨረሻው ዘግተኸው እንደረሳኸው። መንስኤው ምንድነው ስላት ከ10 ታማሚ በአንዱ ገደማ ላይ ብቻ ነው የሚታወቀው አለችኝ።

መንስኤው ያልታወቀ ነገር ሲመጣ ግን መንስኤ የሚያድል ሰው መቼም አይጠፋም። ገሚሱ "ያ ሁሉ ጩኸት ነዋ!" አለ። ይሄስ ባይሆን እንኳን ወግ ያለው ጭንቀት ነው፣ ምክንያቱም ለሥራ ቦታ የሚመከረው 85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት ነው፣ ከዛ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ እየተቆረጠ ሄዶ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው ስታንዳርድ የ15 ደቂቃው አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ብሏል። እኔ በጆሮዬ ልክ የተሰራ ፕለግ (የጆሮ መድፈኛ) ሳላደርግ ቡዝ (ዲጄው የሚቆምበት ቦታ) ገብቼ አላቅም። ዶክተሯም የድምፅ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ በሁለቱም ጆሮ ነው የሚመጣው፣ እንዲህ በአንድ ሌሊት አንዱን ብቻ ነጥሎ አይደለም ብላኛለች። ወጣት ዲጄዎች ግን ይሄን አንብባችሁ ፕለጋችሁን እንዳትጥሉ!!

ሌላው ገሚስ ደሞ "እግዚአብሔር ከዛ ቤት ሊያወጣህ ነው ጆሮህን የመታህ" አለ። ገላትያ 5 ላይ "ዘፋኝነት"ን ከሥጋ ሥራዎች የሚቆጥረውን ጥቅስ በኢንቦክስ የላካችሁልኝ አላችሁ፣ እንዴት አደርክ ሳትሉ። ተቀይሜ አይደለም የማነሳው፣ ቀጥሎ ያለውን ምስጋና ለመናገር ነው። ማዞሩ ስለባሰብኝ ሆስፒታል ተኝቼ በነበረበት ጊዜ አንድ ወንድም አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ይሄንኑ ሲናገር የጸሎት ቡድናችን እናት ሰሙት። ምንም አልተከራከሩትም፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው ዮሐንስ 9ን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፣ ደቀ መዛሙርቱ ዕውሩን ሰውዬ አይተው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ናቸው ኃጢአት የሠሩት ብለው ጌታን የጠየቁበትን፣ ጌታም እሱም ወላጆቹም አይደሉም ያለበትን። ከዛ መነጽራቸውን አወለቁና "አሁን የሚጸልይ ይጸልይ፣ የማይጸልይ ወንበሩን ይልቀቅ" አሉ። እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ። እርስዎ እኮ እስከዛ ቀን ድረስ ማታ ማታ የት እንደምሰራ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር፣ እያወቁ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ኮሪደሩ ላይ እርስ በርስ የጠየቃችሁትንም ስለሰማሁ እዚሁ ልመልሰው። የቤተክርስቲያን ልጆች "እዛ ቤት ምን ያደርጋል?" ብላችኋል፣ የክለብ ልጆች ደሞ "እዛስ ምን ይሉታል?"

የማደርገው ስራዬን ነው። ከመጀመሬ በፊት ሄድፎን አድርጌ ምንም ሳልከፍት የምቆማት ደቂቃ ጸሎት ናት፣ ትራክ እየመረጥኩ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፣ ፍሎሩ ላይ ያላችሁትን እያየሁ ነው የምጸልየው፣ ብቻዋን የቆመችውን፣ ከልክ በላይ የጠጣውን፣ የሚስቁትን። ሴት ልጅን እንደ ዕቃ የሚቆጥር ግጥም ያለበት ትራክ አልጫወትም፣ ቤቱን ቢያፈርሰውም አልጫወትም። መዝሙር ደብቄ ሸጉጬ ሰው ለማጥመድም አልሞክርም፣ ይሄን "ለምን አትጠቀምበትም?" የሚሉኝ ወንድሞች አሉ፣ ግን ሰው ሊጨፍር መጥቶ ሳያውቀው ጉባኤ ውስጥ ቢገኝ ያ ለኔ ማታለል ነው። ጥሩ አድርጎ መጫወት፣ ቀጥሎ ለሚጫወተው ሰው ሰዓቱን አለመብላት፣ ዋርም አፕ (ቤቱን ለማሟሟቅ መጀመሪያ የሚጫወተው) ከሆንኩ 120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) አካባቢ በትሕትና ተቀምጬ ዋናውን ሰዓት ለባለቤቱ መተው፣ ይሄም እኮ እምነት ነው (ዲጄ የሆነ ሰው የመጨረሻዋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ያውቃል)። መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ደሞ ራሱ ይመጣል፣ ሁሌም ሊነጋጋ ሲል፣ መብራቱ በርቶ ኬብል ስጠቀልል። አባቱ የሞተበት መጥቷል፣ ከሱስ ልውጣ ያለ መጥቷል፣ ዝም ብሎ ያለቀሰም አለ። ከዛ ጥቂት ሰዓት ተኝቼ ለጠዋቱ አምልኮ እደርሳለሁ፣ ስብከቱ መሃል ካንቀላፋሁ ከኋላ ያሉት እህቶች ወንበሬን መታ ያደርጉልኛል፣ እነሱም ይመስገኑ።

ደሞ ሙዚቃው ራሱ፣ ሃውስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ፣ ለኔ ባዕድ አይደለም። የሃውስ አባት የሚባለው ዲጄ ፍራንኪ ናክልስ ከ1977 ጀምሮ ቺካጎ ዌርሃውስ በሚባል ክለብ ውስጥ ሲጫወት ቤቱን የሚሞሉት በብዛት ጥቁርና ላቲኖ የሆኑ ግብረ ሰዶማውያን ወጣቶች ነበሩ፣ ሌላ ቦታ በር የተዘጋባቸው። እሱም ያን ቤት ከጸጋ ለወደቁ ሰዎች የሚሆን ቤተክርስቲያን እንደሆነ አድርጎ ይናገር ነበር። እንደ አማኝ ይሄን አባባል ሰምቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም የሃውስን ፒያኖና ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ስትሰማ ከጥቁሮች ቤተክርስቲያን እንደመጣ ግልጽ ነው፣ ድምፁ ከቤተክርስቲያን ወጥቶ ሰዎቹ ግን ተመልሰው መግባት ያልቻሉበት ነገር ያሳምመኛል። ይቻላል ወይ ለሚለኝ ደሞ የዲትሮይቱ ሮበርት ሁድ አለ፣ ሚኒማል ቴክኖ ከሚባለው የዳንስ ሙዚቃ አባቶች አንዱ ነው፣ የተሾመ የወንጌል አገልጋይም ነው፣ ከልጁ ጋር ፍሎርፕላን በሚል ስም ጎስፔል የገባበት ሃውስ ይጫወታል። ፖርቹጋላዊው ቄስ ጊልየርሜ ፔይሾቶም አሉ፣ የሰበካቸውን ዕዳ ለመክፈል በተጀመረ ዝግጅት ነው ወደ ዲጄነት የገቡት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ኦገስት ላይ ሊዝበን ውስጥ በዓለም ወጣቶች ቀን ከፖፕ ፍራንሲስ ቅዳሴ በፊት ጎህ ሲቀድ ተጫውተዋል። ቪድዮውን ለፓስተራችን ልኬላቸው መልሳቸው ምን መሰላችሁ፣ "እኔን ግን እንዳትጠይቀኝ"።

ፓስተር፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ። ሁልጊዜ አልተስማማንም፣ አሁንም አንዳንድ ቤቶች ላይ እንድሰራ አይወዱም፣ ያንንም ፊት ለፊት ነው የሚነግሩኝ፣ ከጀርባዬ ስሜን ሲያነሱ ግን ለጸሎት ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

ፕሮሞተሬን (የምጫወትባቸውን ምሽቶች የሚያዘጋጀውን) ሳልጠቅስ ባልፍ ደሞ መቼም ሰላም አይሰጠኝም። ያን ቀን እማማ ሁሉንም እጅ ለእጅ አያይዘው ሲጸልዩ እሱ መውጫው ጋ ስለነበር ሊሾልክ ሲል ያዙት፣ እናም ዓይኑን እንደከፈተ፣ በአንድ እጁ የእማማን እጅ በሌላው የሄድፎን ቦርሳዬን ይዞ ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆመ፣ ጸሎቱ ደሞ አጭር አልነበረም። ከዛ በኋላ ወደ ምርመራ የሚያመላልሰኝን ሰው ተራ ያወጣው እሱ ነው፣ አንዱን ቀን ባውንሰሩ፣ አንዱን ቀን ከመዘምራን አንዷ። ባውንሰሩ መኪና ውስጥ መዝሙር ከፍቶልኝ "በዚኛው ጆሮህ ይሰማሃል?" እያለ ድምፁን ሲቀንስ ሲጨምር ነበር የምንሄደው።

አሁን ለዲጄዎች ብቻ የሚሆን ምስጋና፣ ሌሎቻችሁ ዝለሉት። አንድ ጆሮ ሲቀርህ ሚክስ ማድረግ የሚያስቸግረው ለምን መሰላችሁ፣ በአንዱ ጆሮ በሄድፎን የሚመጣውን ትራክ፣ በሌላው በሞኒተር የሚጫወተውን ነው የምታዳምጠው፣ ሁለተኛው ከሌለ ቢቱን ከምን ጋር ታስተያየዋለህ? መፍትሔውን ያመጣልኝ የቤተክርስቲያናችን ሳውንድ ማን ነው፣ ክለብ ገብቶ የማያውቅ ልጅ። ሚክሰሩ ላይ ያለውን የሄድፎን ማብሪያ ከሞኖ ስፕሊት ወደ ስቴሪዮ መለሰው፣ የኪውና የማስተሩን መቀላቀያ ኖብ መሃል ላይ አቆመው፣ ሁለቱም ትራክ በአንዱ ጆሮዬ መጣልኝ። ከዛ እንደገና ልምምድ፣ የመዘምራኑ ልምምድ ካለቀ በኋላ አዳራሹ ውስጥ፣ ሃውሱ እዛ ጣሪያ ስር ሲጮህ የጥበቃው ሰውዬ ሁለቴ መጥተው አይተውናል። ቤዙ ደሞ ጆሮ አይፈልግም፣ ደረት ላይ ነው የሚሰማው፣ ይሄን እግዚአብሔር ይባርከው።

የተመለስኩበት ማታ የመጣችሁትን አንረሳችሁም፣ እኔም ቤተሰቤም። ፕሮሞተሩ ድምፁን ቀንሶ በር ላይ ፕለግ በነጻ ሲያድል ነበር። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጆሯቸው ላይ ፕለግ ሰክተው ቡዝ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጥቂት አዩና "ልጄ፣ ይሄ ነገር ሆዴ ውስጥ እየገባ ነው" ብለው ባርከውኝ በጊዜ ሄዱ። የክለቡ ልጆች በር ድረስ ሸኟቸው፣ አንዷ እንደውም አሁን በየሳምንቱ ትደውልላቸዋለች አሉ፣ ምን እንደሚያወሩ አልጠየቅኩም።

ጆሮህ እንዴት ሆነ ለምትሉኝ፣ ዝቅ ያሉት ድምፆች ተመልሰዋል፣ ከፍ ያሉት ገሚሱ ቀርተዋል፣ ሃይሃት (የከበሮዋ ጸናጽል) በግራ በኩል የለችም፣ ፉጨቱም አለ። ጉባኤ ላይ ምስክርነት ስሰጥ "ሙሉ በሙሉ ተፈውሻለሁ በል" ያላችሁኝ ወዳጆቼ፣ በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ኦዲዮግራሙ ያለውን ነው የተናገርኩት። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ "ጸጋዬ ይበቃሃል" ነው የተባለው፣ እኔ ከሱ በላይ ምን ልናገር። የተመለሰልኝን ቆጥሬ አመስግኜበታለሁ፣ ያልተመለሰውን አሁንም እለምናለሁ።

እማዬ፣ ሌሊት ሌሊት ተነስተሽ በግራ ጆሮዬ በኩል ስሜን በሹክሹክታ ስትጠሪ እንደነበር እህቴ ነግራኛለች። ኦዲዮግራሙን የሰራኸው ልጅ፣ ነርሶቹ፣ ትራክ የላካችሁልኝ፣ በስውር ገንዘብ ያስገባችሁ፣ ስማችሁን ስለማላቅ ነው ያልጠራኋችሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃችኋል፣ ለማታምኑት ደሞ እኔ አመሰግናለሁ።

በተረፈ ቡዝ ጋ ስትመጡ በቀኝ በኩል ኑ፣ በግራ ጠርታችሁኝ ዝም ካልኩ ኮራ እንዳትሉኝ። ፕሮሞተሬ በግራ በኩል ቆሞ ስለ ክፍያ ቅነሳ ነግሮኝ እንደተስማማሁ እያወራ ነው አሉ፣ አልሰማሁም፣ አልተስማማሁም።