ከቅርጫት ያወጣሁት ካርታ

ልጄ፣

ለቅዳሜው ጨዋታ የሳልሽውን የምናብ አገር ካርታ፣ ማታ ቀደሽ የጣልሽውን፣ ከቅርጫቱ አውጥቼዋለሁ። አራት ቦታ ነው የተቀደደው። ከጀርባው በፕላስተር አያይዤዋለሁ፤ ከፊት ሲታይ ብዙም አያስታውቅም። አትቆጪኝ። ሦስት ሳምንት ስታጎነብሺበት አይቻለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጓደኛሽ «ወንዝ እንዲህ አይሄድም» እንዳለሽ ሰምቻለሁ። እውነቱን ነው። ወንዞች ቁልቁል ሲወርዱ ይገናኛሉ እንጂ አይለያዩም። ገባሮቹ ትልቁን እየተቀላቀሉ ይሄዳሉ። ባሕሩ ጋ ደርሶ ዴልታ ሲሠራ ካልሆነ በቀር ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ የየራሱን መንገድ መያዙ በጣም ብርቅ ነው። ያንቺው ግን ገና ከተራራው ሥር ሳይርቅ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ምዕራብ፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ይሄዳል።

ቢሆንም ላጲስ እንዳታነሺ። የምሥራቁን ሰው የቆፈረው ቦይ አድርጊው። ማን ቆፈረው? ለምን? ውኃው ሲቀነስባቸው የታችኞቹ መንደሮች ምን አሉ? ቅዳሜ ጓደኞችሽ ጠረጴዛውን ከበው ሲቀመጡ የሚጫወቱት ታሪክ እዚህ ውስጥ አለልሽ። ከካርታው ሁሉ አሁን የምወደው ይህንኑ ቦታ ሆኗል።

በረሃውን ደግሞ ሳታውቂው ልክ ቦታው ላይ አድርገሽዋል። ነፋስ ከምዕራቡ ባሕር እርጥበት ይዞ ሲመጣ ተራራው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናቡን እዚያው ያራግፋል። ተሻግሮ ሲወርድ ደርቋል። ጫካው በወዲህ፣ በረሃው በወዲያ የሆነው ለዚህ ነው በያቸው። ያን ቦይ ያስቆፈረውም ጥማት ሊሆን ይችላል።

የጎደለው ርቀት ነው። ተጫዋች መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቀን ያስኬዳል?» ብሎ ነው። ባለ ስድስት ጎን መረብ በስሱ አስምሪበት። በአራት ማዕዘን መረብ ላይ በሰያፍ የሚሻገር ሰው መንገዱ 1.4 እጥፍ ገደማ ይረዝምበታል፤ በባለ ስድስት ጎኑ ግን ከአንዱ መሃል ወደ ስድስቱም ጎረቤቶች መሃል ርቀቱ እኩል ነው። የአንዱን ባለ ስድስት ጎን ስፋት 10 ኪሎ ሜትር ብትይው፣ በደህና መንገድ ላይ እግረኛ በቀን ሦስት ያህል ያልፋል። መረቡ የሌላ ጨዋታ ነው ብለሽ አትጨነቂ። ተጫዋቾች ጀብደኛ ሆነው ታሪክ የሚፈጥሩበት ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ፣ ደንቡ ራሱ ለዱር ጉዞ የሌላ ጨዋታ ባለ ስድስት ጎን ሰሌዳ ተጠቀሙ ይል ነበር። ተውሰው ነው የጀመሩት።

ደቡቡን ጥግ ባዶ ትተሽዋል። እባክሽ ቅዳሜ ሳይደርስ እንዳትሞዪው። አንዳቸው ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ «እዚህስ ምን አለ?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ እነሱ እየሄዱ፣ አንቺ ፊታቸው እየሳልሽ።

ካርታው እንዲቃና መዝገበ ቃላቱ ሥር አድርጌዋለሁ። እርሳሶችሽንም ቀርጬልሻለሁ።

አባትሽ