ስለ ፔርሙዝ አንድ ነገር ልበል

ሰላም አዘጋጆች፣ ሰው ስለ ኑሮ ውድነት በሚጽፍበት ሰዓት እኔ ስለ ፔርሙዝ ልጽፍ ነውና አትሳቁብኝ። በየጠዋቱ ከአያት ሜክሲኮ በባቡር ነው የምሄደው፣ የመጀመሪያው ፔርሙዜ ውስጡ መስታወት ነበር በግፊያው እንክትክት ብሎ ቀረ፣ ሁለተኛው ብረት ሆኖ "ቫኪዩም" የሚል ተለጥፎበታል ግን ሻይ ስቀዳበት ውጪው እጅ ያቃጥላል፣ 4 ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ የቅርንፉድ ውሃ ነው የምጠጣው። ቫኪዩም እኮ በሁለቱ ግድግዳ መሃል አየር የለም ማለት ነው፣ ውጪው ከጋለ ተሸውዳችኋል። አሁን ግማሽ ሊትር የምትይዝ አገኘሁ፣ የክዳኗ ጎማ ወልቆ ይታጠባል (ካልታጠበ የከረመ ወተት ይሸታል ወይኔ!)፣ መጀመሪያ በፈላ ውሃ አሙቄ ነው የምሞላት፣ እስከ ምሳ ትፋጃለች። ነጋዴዎች ግን ፍል ውሃ ጨምረን ብንሞክረው ምን አለበት?

አንባቢያችሁ፣ ከአያት