ደምሽን ስጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የደብረ ብርሃን ቁር ብቻ በርትቷል።

በቀደም «የወንድሜ ሕመም እግሩ ላይ፣ ደም የሚቀዱት ከክንዱ፤ ለምን?» ብለሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ጻፍኩልሽ።

ወንድምሽ ከመሬት ሲነሳ አይተሽዋል፤ መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን፣ ከዚያ ጭኑን በእጁ እየተደገፈ ነው ቀና የሚለው። ባቱ ሲወፍር ጎረቤቱ ሁሉ «ሯጭ ይወጣዋል» ይል ነበር። ያ ውፍረት ግን በአብዛኛው በጡንቻው ቦታ የገባ ስብና ጠባሳ ነው። በሽታው ዱሼን ይባላል፤ ጡንቻን እያመነመነ የሚሄድ የዘር በሽታ ነው።

የጡንቻን ሕዋስ ከመቀደድ የሚጠብቀው ዲስትሮፊን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ጂኑ ላይ ስህተት ሲኖር ፕሮቲኑ ይጠፋል፤ ያኔ ጡንቻው እየተጎዳ ሲኬ የተባለውን ኢንዛይም ወደ ደም ይለቃል። መጀመሪያ የለኩለት እሱን ነው።

ዘመኔን ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ እንኳ የሚከተለው ይደንቀኛል። ሕዋሶቻችን ሁሉ አንድ መጽሐፍ ይዘው እያንዳንዱ የየራሱን ምዕራፍ ያነባል። ነጭ የደም ሕዋስ የዲስትሮፊንን ምዕራፍ እምብዛም አያነብም፤ ፈጽሞ ግን አይዘጋውም፤ ከጂኑ የተገለበጠ፣ አርኤንኤ የሚባል እጅግ ጥቂት ቅጂ ይገኝበታል። ተመራማሪዎች ያችን ቅጂ አባዝተው የጂኑን ስህተት ከደም ማንበብ ችለዋል። በታማሚዎች የደም ሕዋስ ውስጥ የትኛው ጂን ሥራው እንደጨመረ፣ የትኛው እንደቀነሰ እያዩ የበሽታውን አካሄድ ለማወቅም ይጥራሉ። ለእናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከመነመነ ጡንቻ ላይ ሥጋ መቁረጥን ያስቀራል።

አንቺም ተመርመሪ የምልሽ ስህተቱ ከእናት ሊወረስ ስለሚችል ነው። እኔ ተሸካሚ ከሆንኩ፣ ማለት ስህተቱን ይዤ ሳልታመም የማወርስ ከሆንኩ፣ አንቺም የመሆንሽ ዕድል ግማሽ ነው። ስህተቱ ከእናት ሳይወረስ በልጁ የሚጀምርበትም ጊዜ ስላለ ከወዲሁ አትጨነቂ። «ሲኬሽ ልክ ነው» ቢሉሽ ግን አይብቃሽ፤ ተሸካሚ ሆነው ሲኬያቸው ልክ የሆነ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ጂኑ ራሱ ይታይ። ነገሩ የትዳር ብቻም አይደለም፤ ተሸካሚ ሴት ልቧ ሊደክም ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋታል።

አክስትሽ «የዘር እርግማን ነው፣ አይወራም» ትላለች። አልቀበላትም። ፃድቃኔ ማርያም ጠበል ወስደነዋል፤ ወደፊትም እንወስደዋለን፤ የታዘዘለትን መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎኑንም አያቋርጥም። እዚያ ምርመራ ተዉ ያለን የለም።

ቀጠሮ ስትይዢ ደውዪልኝ፤ በጠዋቱ መኪና መጥቼ የእኔም ደም አብሮ ይመርመር።

እናትሽ