ጀማሪን በእጁ መንቀጥቀጥ አትለዩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ፣ ፖከር ላይ ልምድ የሌለውን ተጫዋች እንዴት መለየት እንደሚቻል የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት። መሃል ላይ ስደርስ ግን ቆም አልኩ። ጸሐፊው እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጀማሪ ነው፣ ፈርቷልና በትልቅ ውርርድ ግፉት፣ ካርታውን ጥሎ ከዙሩ ይወጣል ብለዋል። ይህን አምኖ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው ኪሱን አራግፎ ነው የሚነሳው። ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

ከመንቀጥቀጡ ልጀምር። ቺፕሱን (በገንዘብ ፋንታ የሚወራረዱበትን ክብ ነገር) ወደ መሃል ሲገፋ ጣቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ካርታ የደረሰው ሰው ነው። ቴክሳስ ሆልደም ላይ፣ ማለትም ሁለት የግል ካርታ ይዘን መሃል ከሚገለጡ አምስት የጋራ ካርታዎች ጋር በምንጫወተው ፖከር፣ ከሁሉም የሚበልጠው መነሻ ሁለት አስ የሚደርሰን በአማካይ ከ221 ዙር አንዴ ነው። አዲስ ሰው ይህ ሲመጣለት ልቡ ይመታል፣ እጁ አይታዘዝለትም። ባዶ ይዞ የሚያስፈራራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ድርቅ ይላል፣ ትንፋሹን ሳይቀር ይቆጥባል። ስለዚህ ዝም ብሎ የቆየ ሰው በድንገት ሲጨምርና እጁ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ፣ ካርታችሁን ጣሉና ተውት።

ቺፕስ አያያዝም ያታልላል። ተራውን የሚረሳ፣ ውርርዱን ሁለት ሦስት ጊዜ እየቆራረጠ የሚያስገባ ሰው ለጠረጴዛው አዲስ ሊሆን ይችላል፣ ለጨዋታው ግን ላይሆን ይችላል። ኢንተርኔት ላይ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ተጫውቶ በአካል ግን መቀመጥ ገና የጀመረ ሰው ብዙ ነው።

ታዲያ ምኑን እንይ? አወራረዱን። እኔ ከተቀመጥኩ በኋላ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ካርታዬን ከማየት ይልቅ ሰው ማየት ነው የምወደው፣ በተለይ እኔ በሌለሁበት ዙር። ጀማሪ ብዙ ይገባል። አንዳንዱ ከ10 ዙር 7ቱን ይገባል። ሲገባም አይጨምርም፣ የቢግ ብላይንዱን (ዙሩ ሲጀመር በግዴታ የሚገባውን ውርርድ) ያህል ብቻ ከፍሎ ፍሎፑን፣ መጀመሪያ የሚገለጡትን ሦስት የጋራ ካርታዎች፣ ለማየት ይጓጓል። ለምን ገባህ ብትሉት አንድ ዓይነት ምልክት ስለሆኑ ይላችኋል፤ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ሁለት ካርታዎች ፍሎፕ ላይ ፍላሽ (አምስት ባለአንድ ምልክት ካርታ) የሚሆኑት ግን ከ119 ጊዜ አንዴ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ዙር አይታችሁ ግን አትፍረዱ፤ የደከመው ወይም የሰለቸው ልምድ ያለው ሰውም እንዲህ ያደርጋል። ሲደጋገም ነው የሚታመነው።

የውርርዱንም መጠን ተመልከቱ። ትንሽ ሲያገኝ ትንሽ፣ ብዙ ሲያገኝ ብዙ የሚያስገባ ሰው ካርታውን ገልጦ እንደሚጫወት ነው። መሃል ያለውን ገንዘብ (ፖቱን) አይቶ አይደለም የሚወራረደው። ፖቱ 100 ሆኖ 5 ያስገባል፣ ፖቱ 20 ሆኖ ያለውን ሁሉ ይገፋል።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ከሁሉም የምወደው እሷን ነው። ፍሎፑ ላይ ሦስት ልብ ይወርዳል። ጀማሪው የካርታዎቹን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ብድግ አድርጎ እንደገና ያያል። ለምን? ቁጥሩን አስታውሷል፣ ምልክቱን ግን ረስቷል። ሁለቱም ልብ ቢሆኑ ኖሮ አይረሳውም ነበር። ስለዚህ ፍላሽ የለውም፣ ቢበዛ አንድ ልብ ቢኖረው ነው። ይቺን አውቀው ለማታለል የሚያደርጓት ሰዎችም ስላሉ ከሌላ ፍንጭ ጋር አብራችሁ እዩዋት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጀማሪ መሆኑን ካወቃችሁ በኋላ በፍጹም አታስፈራሩት! ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። አንድ ማታ ሁለት ልብ ይዤ ፍሎፑ ላይ ሌላ ሁለት ልብ ወረደ። እስከ ሪቨር፣ እስከ መጨረሻው የጋራ ካርታ፣ አምስተኛውን ልብ የማግኘት ዕድሌ 35 በመቶ ገደማ ነበር። ፍሎፑ ላይ ተወራረድኩ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ልጅ ያንኑ ያህል ከፍሎ ከተለኝ። ተርን (አራተኛው የጋራ ካርታ) ላይ ጨመርኩ፣ ከተለኝ። ሪቨሩ ላይ ልብ አልመጣም፣ እኔም ያለኝን ሁሉ ገፋሁ። ልጁ ሲጫወት ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ካርታውን አየ፣ መሃሉን አየ፣ «ሰባት አለኝ እኮ» አለና ከፈለ። አንድ ጥንድ ሰባት! እኔ ትልቅ ነገር የያዝኩ እየመሰልኩ ታሪክ ስነግረው ነበር፣ እሱ ግን የራሱን ካርታ ብቻ ነበር የሚያየው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጁ ምንም አላጠፋም።

ብሉፍ፣ ሳይኖራችሁ እንዳላችሁ አስመስሎ ማስፈራራት፣ የሚሠራው የሚያስብ ሰው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በላስ ቬጋሱ የፖከር ዓለም ዋንጫ፣ 839 ሰው በገባበት ዋና ውድድር፣ ክሪስ መኒሜከር የሚባል የሒሳብ መዝገብ ሠራተኛ (አካውንታንት) መጨረሻ ላይ ከባለሙያው ተጫዋች ከሳሚ ፋርሃ ጋር ለሁለት ቀሩ። መኒሜከር የገባው በኢንተርኔት 86 ዶላር በከፈለበት ማጣሪያ ነው። በአንድ ዙር ከንጉሥ በቀር ምንም ሳይኖረው ያለውን ሁሉ ገፋ። ፋርሃ ጥንድ ዘጠኝ ይዞ፣ አስቦ አስቦ ጣለ። ባለሙያ ስለሆነ ነው የጣለው፤ ሰውየው ምን ሊይዝ ይችላል ብሎ ስለጠየቀ። የኔ ባለሰባት ቢሆን ወዲያው ይከፍል ነበር። መኒሜከር ውድድሩን አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

ጀማሪ ላይ ሥራው ቀላል ነው። ጥሩ ሲኖራችሁ በደንብ ተወራረዱ፣ ይከተላችኋል። ሳይኖራችሁ ተዉት። ሲከተል ብቻ የነበረ ሰው ተርን ወይም ሪቨር ላይ በድንገት ሬይዝ ካደረገ፣ ማለትም ውርርዱን ካሳደገ ደግሞ አትጠራጠሩ፣ ይዟል።

ሌላው ያናደደኝ ነገር የጽሑፉ አነጋገር ነው። ጀማሪን እንደ መሳቂያ ነው ያቀረቡት። ሁላችንም ፍላሽና ስትሬት (ተከታታይ አምስት ካርታ) የትኛው ይበልጣል ብለን የጠየቅንበት ቀን አለ። ሰውየው ሲሳሳት አትሳቁበት፣ ተራው መሆኑን በቀስታ ንገሩት፣ ሲያሸንፋችሁ «እንዴት በዚህ ትከፍላለህ» ብላችሁ አትጩሁበት። ገንዘቡን አምጥቶ አብሮን የተቀመጠ ሰው ነው።

በሚቀጥለው እትም ቢያንስ እጁ ሲንቀጠቀጥ ግፉት የሚለውን ምክር እንድታርሙት እጠይቃለሁ። ጽሑፉን አንብቦ ዛሬ ማታ ሊሞክረው የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም።

የዘወትር አንባቢያችሁ