ሲኒማ ቤት አይደለንም፦ የሳይንስ ልብወለድ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ክበባችን «ሲኒማ ቤቱ» እየተባለ እንደሚጠራ እናውቃለን። ስሙ አያስከፋንም። ነገር ግን ዓርብ ከሰዓት ምን እንደምንሠራ ገብቶ ያላየ ሁሉ ስለሚፈርድብን፣ ዘንድሮ ዘገባችንን ዘርዘር ማድረግ ግድ ሆኗል።

ዓመቱን ሙሉ የያዝነው አንድ ተከታታይ ድራማ ነው፤ «ዘ ኤክስፓንስ»። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2022 የተላለፈ ሲሆን 6 ምዕራፍና 62 ክፍሎች አሉት። ሁሉንም ቁጭ ብለን አላየንም። አንዱ ክፍል ብቻውን 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ የክበብ ሰዓታችን ደግሞ 40 ደቂቃ ነው። ስድብና ደም የሚበዛባቸው ትዕይንቶች እንዳሉትም አንክድም፤ ይህ ያሳሰባቸው ወላጆች መጥተው ጠይቀዋል፣ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። የምናሳየው አስቀድሞ የተመረጠ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ የሚሆን ቁራጭ ብቻ ነው። ቀሪው ጊዜ የካልኩሌተርና የጠመኔ ነው።

ይህን ድራማ የመረጥነው ስበትን በቁም ነገር ስለሚይዝ ነው። በብዙ የጠፈር ድራማዎች ሰዎች መርከቡ ውስጥ እንደ ልባቸው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ክብደታቸው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። እዚህ ግን ክብደት የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ሞተሩ ሲገፋ፣ ወይ የሚኖሩበት አካል ሲሽከረከር። ለዚህም ነው የመርከቦቹ ወለሎች ሞተሩን ከታች አድርገው እንደ ፎቅ የተደራረቡት። መርከቡ የመንገዱን ግማሽ እየፈጠነ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞራል፣ ከዚያ እንደገና አንድዶ ቀሪውን ግማሽ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይጨርሳል።

ከዚህች ትዕይንት የወጣው ስሌት እነሆ። ምድርና ማርስ በጣም ሲቀራረቡ በመካከላቸው 55 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። የፕላኔቶቹን እንቅስቃሴ ለጊዜው ትተን መርከቡ የምድርን ስበት ሲሶ በሚያህል ፍጥንጥነት ቢጓዝ 72 ሰዓት ይበቃዋል። የሚሳሳቱት ሁሉ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የርቀቱን ግማሽ ወስደው ጊዜውን በሁለት እንደማባዛት ሙሉውን ርቀት በአንዴ ያስገባሉ። ያኔ 51 ሰዓት ይወጣል፤ ፈጣን ነው፣ ግን መርከቡ ማርስ ዘንድ ሲደርስ በሴኮንድ 600 ኪሎ ሜትር እየበረረ ስለሆነ ማቆሚያ የለውም። ፐርሲቪራንስ የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ሐምሌ ተነሥታ ማርስ ለመድረስ 7 ወር ያህል የፈጀባት፣ የዛሬ ሮኬት ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አንድዶ ቀሪውን መንገድ በአመዛኙ በተሰጠው ግፊት ብቻ ስለሚሄድ ነው። ለቀናት የሚነድ ሞተር የድራማው ፈጠራ ነው፤ እሱን ከተቀበሉለት የቀረው ሒሳብ ይገጥማል።

ልጆቹን ከሁሉ በላይ ያከራከራቸው ግን የውሃው ጉዳይ ነው። በታሪኩ ሴሬስ የተባለችው ድንክ ፕላኔት በረዶዋን ምድርና ማርስ ገፍፈው ስለወሰዱባት፣ ነዋሪዎቿ ከሳተርን ቀለበቶች በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ በረዶ ይጠብቃሉ፤ ውሃም በራሽን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። አንዱ ተማሪ ወዲያው የጠየቀው «ጀሪካናቸው የት አለ?» ብሎ ነው። እውነተኛዋ ሴሬስ በበኩሏ ዛሬም ብዙ በረዶ አላት። እ.ኤ.አ. በ2015፣ ድራማው በጀመረበት ዓመት፣ ዶውን የተባለችው መንኮራኩር ደርሳ ያየቻቸው አንጸባራቂ ነጠብጣቦች ከውስጥ የወጣ ጨዋማ ውሃ ትቶት የሄደው ጨው ነው።

አሁን ወደ ሠራነው ተሽከርካሪ ሠሌዳ። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ሴሬስ ላይ አንድ መርማሪ ከጠርሙስ ወደ ብርጭቆ ሲቀዳ፣ ሴሬስ በታሪኩ ክብደት እንድትሰጥ ስለምትሽከረከር ፈሳሹ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ጎበጥ ብሎ ይታጠፋል። የድራማው ወዳጆች የሚኮሩባት ትዕይንት ናት። እኛም ለማሳየት ከመጋዘን የተሰበረ ተሽከርካሪ ወንበር አውጥተን፣ መቀመጫውን ፈትተን፣ በምትኩ 1 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ኮምፔርሳቶ በብሎን አሰርንበት። ጥቁር ቀለም ቀብተን የጠመኔ ዱቄት ነሰነስንበት፤ በላዩ የሚንከባለል ብይ መንገዱን ራሱ ይጽፋል። መሥራት ለሚፈልግ ትምህርት ቤት ሦስት ነገር እንመክራለን። ሠሌዳው በውሃ ልክ ካልተስተካከለ ሳይሽከረከርም ብዩ ይታጠፋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቆሞ እያለ ከመሃል እስከ ጠርዝ ቀጥ ብሎ መሄዱን አረጋግጡ። የምትቀርጹበት ስልክ በእጅ ከተያዘ የሚቀርጸው ቀጥታ መስመር ነው፤ ብዩ ሲታጠፍ የሚታየው ስልኩ ከሠሌዳው ጋር አብሮ እንዲዞር ሠሌዳው ላይ በተተከለ ክንድ ሲታሰር ነው። በተቃራኒው በኩል ደግሞ የስልኩንና የክንዱን ክብደት የሚያህል አሸዋ የሞላ ጠርሙስ ካልታሰረ ሠሌዳው ይንገዳገዳል። በ10 ሴኮንድ አንድ ዙር በቂ ነው፤ ብዩ በ1 ሴኮንድ ጠርዝ ሲደርስ ሠሌዳው 36 ዲግሪ ዞሯል፣ ኩርባውም ከክፍሉ የኋላ ወንበር ይታያል።

ክፍሉ በጭብጨባ ላይ ሳለ ነው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን ያወጣችው። ብዙ ጊዜ የማትናገር ልጅ ናት። ጠመኔውን ተቀብላ የሴሬስን ራዲየስ 470 ኪሎ ሜትር ብላ ጻፈች። በታሪኩ ሽክርክሪቱ የሚሰጠው ክብደት ከምድር 0.3 ያህል ስለሆነ፣ ሴሬስ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ42 ደቂቃ ገደማ ነው አለች። የእኛ ሠሌዳ ከሷ 250 ጊዜ ያህል ይፈጥናል ማለት ነው። ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ፈሳሽ በዚያ ዝግታ ምን ያህል እንደሚታጠፍ አሰላች፤ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ። በዓይን አይታይም። የድራማው ቀንደኛ ወዳጆች ጮኹ፣ ካልኩሌተር ወጣ፣ ደግመው አሰሉ፣ መልሱ ያው ሆነ። «ታዲያ ለምን እንዲያ አጎበጡት?» አላት ከኋላ አንዱ። «እንድናይ ነዋ» ብላ ቁጭ አለች። ያቺ ዓርብ ብቻዋን የዓመቱን ድካም ከፍላናለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቡድን ከዚያው ቁጥር ተነሥቶ ሌላ ችግር አወጣ፦ የሴሬስ የራሷ ስበት ከምድር 3 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ፣ በዚያ ፍጥነት ብትሽከረከር ገጽዋ ላይ ያልታሰረ ድንጋይ ሁሉ ወደ ጠፈር ይወረወራል።

ስብሰባዎች በወቅቱ ተካሂደዋል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ኮሚቴ ተመርጧል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና ሲቃረብ የአባላት ቁጥር ቀንሷል። መብራት በጠፋባቸው ዓርቦች ትዕይንቱን በቃል ተርከን ሠርተናል። ፕሮጀክተሩ የተውሶ ስለሆነ ባለቤቱ ክፍል ሲፈልገው ጨዋታው መሃል ላይ ይቋረጣል። ለኳስ ቡድናችን አዲስ ማሊያ ሲገዛ ደስ ብሎናል፤ እኛ የጠየቅነው መጋረጃ ግን አሁንም «በሂደት ላይ» ነው።

እንጦጦ ላይ የሚገኘውን የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያም ጎብኝተናል። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ሽቅብ ነው። እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ልጆቹ ከመስታወቱ ይልቅ የጉልላቱን መክፈቻ ነው ያደነቁት። የሄድነው በቀን ስለነበር ኮከብ አላየንም። ለማታ ጉዞ የመኪና ኪራይ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ አልተገኘም።

ሳይፋይ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2018 ድራማውን ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ሲያቋርጠው፣ ተመልካቾች ገንዘብ አዋጥተው በአማዞን ስቱዲዮ ላይ መፈክር የሚጎትት አውሮፕላን አስበርረዋል፤ አማዞንም ቀጥሎበታል። እኛ አውሮፕላን አንፈልግም። የምንጠይቀው አንድ ፕሮጀክተር፣ ለሁለት መስኮት የሚሆን ጥቁር መጋረጃ፣ አንድ 10 በ50 የሆነ (10 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ባይናኩላርና ማቆሚያ እግሩን ነው። ባይናኩላሩ ለሴሬስ ነው። በዓይን ብቻ አትታይም፣ ለምድር ስትቀርብ ግን በዚህ መጠን መነጽር ትገኛለች። ኮከብ ስለምትመስል የአካባቢውን ኮከቦች በወረቀት ነድፎ ከጥቂት ሌሊት በኋላ እንደገና መንደፍ ያስፈልጋል፤ ቦታዋን የለወጠችው እሷ ናት። ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፒያትሲ እ.ኤ.አ. በ1801 ያገኛት በዚሁ መንገድ ነው። ሰማዩ የሚጠራው ከኅዳር እስከ ጥር በመሆኑ ዕቃው ከጥቅምት በፊት ቢደርሰን፤ መርዳት የሚፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በክበባት አስተባባሪው ቢሮ በኩል ሊያገኙን ይችላሉ። ለማታው ጉዞ የወላጅ ፈቃድ ቅጽ ከምዝገባ ጋር አብሮ ይታደላል።