ለእማየ፣ ስለ ግማሽ ኪሎ ቡና

እማየ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ይህን ትግስት ታነብልሻለች፤ እየዘለለች ካነበበች ገስጫት።

ምን እንደምሠራ ጠይቀሽኝ ነበር። ቡና እለቅማለሁ! አዘዞ እያለን ሰፌድ ይዘሽ «ና አግዘኝ» ስትይኝ የማመልጠው ልጅሽ፣ ሀምቡርግ ላይ በደሞዝ እለቅማለሁ። ትንሽ ቡና መቁያ ቤት ነው። የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ ትል የበሳውን አወጣለሁ።

በቀደም የመጣው ጆንያ ላይ «ካፋ» የሚል ሳይ ደስ አለኝ። አለቃዬ አምና ቦንጋ ድረስ ሄዶ ነበርና ቪዲዮውን አሳየኝ። እርሻ አይመስልም እኮ፣ ጫካ ነው። ገበሬው ከትልልቅ ዛፍ ሥር ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጎ ቀዩን ብቻ ይለቅማል፣ አረንጓዴውን ይተወዋል፣ ሲበስል ደግሞ ወደዚያው ዛፍ ይመለሳል። ከዚያ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሁለት ሦስት ሳምንት እየተገለበጠ ይደርቃል፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም ቤተሰቡ ሁሉ ሊሸፍን ይሮጣል። ወደ 6 ኪሎ እሸት ተለቅሞ የሚገኘው 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ነው። ሲቆላ ደግሞ ከዚያም ላይ ይቀንሳል።

ወንድሜ «ካፋ ወርጄ በርካሽ ገዝቼ ልነግድ» ያለውን ሰምቻለሁ። ርካሽ ከፈለገ ባይሄድ ይሻለዋል በይው። ገበሬው ቀዩን ብቻ ለይቶ የሚለቅመው ለልፋቱ ዋጋ ሲጨመርለት ነው፤ ካልተጨመረለት ያልበሰለውንም አብሮ ይሸመጥጠዋል። እኔም ብሆን እንደዚያው ነው የማደርገው።

ቅምሻቸውን ብታዪ ትስቂያለሽ። ያለ ስኳር፣ በማንኪያ፣ እንደ ትኩስ ሾርባ እየማጉ ይስቡትና ይተፉታል! ከ100 ነጥብ ይሰጡታል፣ 80 ካልሞላ ስፔሻሊቲ፣ ምርጥ ቡና ማለታቸው ነው፣ አይባልም። ደግሞ አንዴ ያፈሉትና አተላውን ይደፉታል። ቶና የለ፣ በረካ የለ። መጀመሪያ ሰሞን ሲደፉት እጄን ልዘረጋ ምንም አልቀረኝም።

ለጥምቀት ወደ ጎንደር በሚመጣ ሰው ግማሽ ኪሎ ጥሬውን ልኬልሻለሁ። ከካፋ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዞሮ ጎንደር ይገባል፤ ጉድ ነው መቼስ። አደራሽን እንዳታከስዪው። ጎረቤቶቹ «ገና አልተቆላም» ቢሉሽም አትስሚያቸው፣ ቡናማ ሲሆን አውርጂው። አቦሉን ያለ ጤና አዳም ቅመሺልኝ፤ ቶናውን እንዳሻሽ።

ልጅሽ