መኪናችሁን ከመሸጣችሁ በፊት ቦሎ ስለማውጣት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ግቢያችን ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ሊሸጡ የተሰናዱ ናቸው። ባለቤቶቹም አንድ ዓይነት ነገር ይሉናል፦ «ልሸጠው ነው እኮ! ቦሎውን ገዢው ያውጣ እንጂ እኔ ምን አስጨነቀኝ?» ለእያንዳንዱ ቆመን ከምናስረዳ አንድ ጊዜ ብንጽፈው ይሻላል ብለን ነው።

ሐሳባችን አጭር ነው። ቦሎ የሚወጣበት የዓመቱ ምርመራ ከተቃረበ መጀመሪያ አስመርምሩ፣ ከዚያ ሽጡ። «ጋራዥ ሌላ ምን ሊል ኖሯል?» ትሉ ይሆናል። ምርመራውን የምንሠራው እኛ አይደለንም፤ ፈቃድ ያለው የምርመራ ተቋም ነው። ከእሱ የምናገኘው ሳንቲም የለም። ከጥገናው እናገኛለን፤ እሱን አንክድም።

ገዢ ቦሎው ሊያልቅ የደረሰ መኪና ሲያይ አንድ ነገር ይጠረጥራል። «ይሄ ሰውዬ ምርመራ እንደማያልፍ ቢያውቅ ነው» ይላል። ደላላውም ይህችን ቀዳዳ አይስታትም። ከዋጋው የሚቀነሰው የአንድ ዕቃ ሒሳብ ቢሆን ደግ ነበር። የሚቀነሰው ግን የጥርጣሬ ሒሳብ ነው፤ እሱ ደግሞ ልክ የለውም።

ፍሬን ላይ ትንሽ እንቆይ። ምርመራው ላይ ጎማዎቹ በሚሽከረከር ብረት ላይ ይቆሙና ፍሬን ሲያዝ የግራውና የቀኙ ጉልበት ለየብቻ ይነበባል። ከተማ ውስጥ ስትነዱ የማይታወቃችሁ ልዩነት እዚያ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። በቅርቡ አንድ ደንበኛችን «ፍሬኑ ምላጭ ነው» እያለ ያመጣትን ኮሮላ የኋላ ግራ ጎማ ፈታን። ከበሮው ውስጥ የፍሬን ዘይት ፈስሶ የፍሬኑን ሸራ አርሶታል። ጥፋቱ የአንዲት ጎሚኒ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ላስቲክ ናት። ጎሚኒዋንና ሸራውን ቀይረን ከሰዓት በፊት ሸኘነው። ይህንኑ ገዢው ራሱ ቢያገኘው ኖሮ «ፍሬኑ በሙሉ አልቋል» ተብሎ ነበር የሚወራው።

ደግሞ ገዢው ከየት እንደሚመጣ አትርሱ። የሸዋ ሮቢት ወይም የአጣዬ ሰው ከሆነ መኪናውን ይዞ ጣርማበርን መውረዱ አይቀርም። የጣርማበር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ይግላል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። ነገር ግን ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ይሄዳል፤ ሲያረጅ 140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ከፈላ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። ገዢያችሁ ደብረ ሲና ላይ ሻይ ሊጠጣ ሲቆም ሐሳቡን ቢቀይር አይፈረድበትም። በማርሽ መውረድ ሲገባው ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ገዢም አለ፤ ግን እሱን ማን ሊያሳምነው ነው?

ጭስን በተመለከተ አገራችንን ራሷን መውቀስ ይቻላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አሮጌ ባለ ካርቡራቶር መኪና ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ይለቃል። ካርቡራቶሩን ማስተካከልና የአየር ፊልትሮ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። እሱ ሌላ ወሬ ነው፤ ለገዢው ብትነግሩት ይሻላል።

ከሁሉም የሚያሳስበን የቁጥር ነገር ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። አንድ የሚኒባስ ባለቤት ሞተሩን ከዓመታት በፊት ቀይሮ ሳያስመዘግብ ኖሯል። ደረሰኙም ጠፍቶታል። ቀብድ ተቀበለ፤ ከዚያ ስም ሊያዛውሩ ሲሄዱ ቁጥሩ አልገጥም አለ። ገዢው ቀብዱን መልስ አለ፣ ቀብዱ ግን ለልጅ ሠርግ ወጥቷል። ቀድሞ አስመርምሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ብቻውን፣ ያለ ጯሂ ያስተካክለው ነበር።

በዚህ አጋጣሚ፣ «በውክልና ልሽጠውና ስሙን ገዢው ያዙር» የምትሉ አላችሁ። ተዉ! በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ሊብሬው በስማችሁ እስካለ ድረስ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእናንተ በር ነው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም እስከ ርክክቡ ቀን ድረስ ያላለቀ ይሁን፤ ያለ እሱ መንዳት በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ክልክል ነው።

ለሁሉም ሰው ግን አስመርምሩ አንልም። ቦሎውን ባለፈው ወር ያወጣ ሰው ምንም አያስፈልገውም። መኪናውን ለመለዋወጫ የሚገዛ ሰው ካገኛችሁም ገንዘባችሁን አታባክኑ። ቦሎው ገና ብዙ ጊዜ ከቀረው፣ ቀድመው ይቀበሏችሁ እንደሆነ መመርመሪያው ጋ ደውላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ብቻ አታድርጉ። ለምርመራ ቀን ጎማ ተውሶ ገጥሞ፣ ካለፈ በኋላ አሮጌውን መመለስ። እኛም ዘንድ «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ የጠየቀን ሰው አለ፤ አልሰጠንም። ከዚያ ወዲህ ጠፍቶብናል። ቅር ብሎት ከሆነ ይቅርታ፣ ቡናው ግን አሁንም አለ።

ለማሳየት የምትመጡ ከሆነ መኪናውን ከዋዜማው አመሻሽ ላይ አምጥታችሁ ግቢያችን አሳድሩት። ጠዋት በውርጩ፣ ሞተሩ ገና በረዶ እንደሆነ ራሳችን እናስነሳዋለን። አሙቃችሁ ካመጣችሁት ግማሹ ችግር መንገድ ላይ ተደብቆ ይቀራል።

ከአክብሮት ጋር
የጋራዡ ሠራተኞች
ደብረ ብርሃን